ሳኒን ያስቆጣው ልቦለድ

ሳኒ ከደንበኛ ጋር ተጣልቶ አያውቅም፤ ከደራሲ ጋር ግን በየሳምንቱ ይጣላል። ጋምቤላ ወደብ አጠገብ ሱቅ ከከፈተና ጦይባን ካገባ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። የንጉሡ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት ቀርተውታል፤ ሳኒን ግን የሚያሳስበው የደራሲዎች ስንፍና ነበር።

መጻሕፍቱ የሚመጡት ከአዲስ አበባ ነው። እንደ ማንኛውም ነጋዴ ሳኒም ስኳርና ጨው የሚጠቀልልበትን አሮጌ ወረቀት በእስር ያስመጣል፤ መሥሪያ ቤት የጣለው፣ ተማሪ የጨረሰው፣ ሁሉም በአንድ ገመድ ታስሮ ይመጣል። ከዚያ መሀል ልቦለዱን የሚለየው ኦጆት ነው። ኦጆት ሚስዮን ደጅ ያደገ አኝዋ ሲሆን፣ ከጀልባ ላይ ጆንያ እያወረደ ጓዳ ድረስ ይሸከማል። ሳኒ በልጅነቱ ቁርኣን ተምሯል እንጂ የአማርኛ ፊደል አልቆጠረም። ስለዚህ ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ገበያተኛውን ሲበትነው ኦጆት ጨው ጆንያ ላይ ተቀምጦ ያነባል፤ ሳኒ ይሰማል፣ ይቆጣል።

«በሟቹ ቀብር ላይ የሣቀው አንድ ሰው ብቻ ነው!» ብሎ ጮኸ በመጀመሪያው መጽሐፍ። «እኔ በመጀመሪያው ቀን ያወቅሁትን ገዳይ ፖሊሱ እስከ መጨረሻው አላወቀም። ይሄ ደራሲ እኛን አህያ አደረገን እኮ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰማም?»

ሁለተኛው መጽሐፍ ስለ ጠንቋይ ነበር። ሳኒ እሱንም አልማረውም።

«በአየር የሚበር ሰው ምን ቆርጦት በር ያንኳኳል? በመስኮት አይገባም?»

ኦጆት ገጹን አተኩሮ አየ። «ነገ ይገባል ይሆናል፣ ጋሼ።»

በማግስቱ ጠንቋዩ በመስኮት ገባ። «አሁን ገና ገባው!» አለ ሳኒ፤ ንዴቱ ግን አልበረደም። «ደግሞ ሁሉም ደራሲ ወንዝ ይወዳል። የአዲስ አበባ ፖሊስ ሌባ ለመያዝ ታንኳ ይቀዝፋል? እርስ በርስ ይሰራረቃሉ፣ ሌቦች!»

ሦስተኛው መጽሐፍ ግን ቤቱን አናጋው።

በዚህ ልቦለድ የከተማውን ዕቃ የሚሰርቀው ሰው የተከበረ ነጋዴ ነው። ስኳሩ እርጥበት ጠጥቶ በሚዛን እንዲከብድለት ጆንያው ሥር ውሃ የሞላ ገበቴ ያስቀምጣል። ጺሙን ጓዳ ተደብቆ ሒና ይቀባል። እንሽላሊት ሲያይ ደግሞ እየጮኸ አልጋ ላይ ይወጣል።

ሳኒ ከመቀመጫው ተነሣ። ይህን ሁሉ ከአላህና ከጦይባ በቀር የሚያውቅ የለም።

«ጦይባ!»

ሚስቱ እጇን እያደራረቀች ወጣች።

«አዲስ አበባ ላለ ደራሲ የቤቴን ገመና የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«በየት እጄ? እኔ ፊደል አውቃለሁ?»

«አስጻፍሽ! ራሂማ ቤት በየሳምንቱ የምትሄጂው ለምንድን ነው? ልጇ ፖስታ ቤት ጸሐፊ አይደለም?»

«የምሄደው ስለታመመች ነው።» አለች ጦይባ። «አሥራ አንድ ዓመት ነውርህን ሸፍኜ ኖርኩ። ለባዳ የምሸጥህ ሴት ነኝ?»

ሳኒ አልሰማትም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ አገር ሁሉ አንብቦ የሣቀበትን ገመና እሱ በመጨረሻ በመስማቱ አንጀቱ አረረ።

ኦጆት መጽሐፉን ከደነ። «ጋሼ፣ ተው። ደራሲ ውሸት ነው የሚናገር። ከልቡ ነው የሚያወጣ። ጦይባን ተዋት።»

«አንተ ስለ ደራሲ ምን ታውቃለህ!»

በማግስቱ ኦጆት ምሳውን እንኳ በወጉ ሳይበላ ማንበብ ጀመረ። ነጋዴው ሚስቱን ይጠረጥራል፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጉዳዩን ይመረምራሉ፤ በመጨረሻ ሚስትየው ንጹሕ ሆና ትገኛለች። ነጋዴውም እግሯ ላይ ወድቆ ይቅርታ ይለምናታል።

ኦጆት ቀና ብሎ ሳኒን አየው።

የሳኒ ፊት ጠቁሯል። «ይኸው! አማላጅ ላከችብኝ! ትናንት የተነጋገርነው ዛሬ መጽሐፍ ላይ ከወጣ፣ ቀድማ ከደራሲው ጋር መክራለች ማለት ነው። ከእንግዲህ ወንድሟ ይምጣና ይውሰዳት!»

«ጋሼ፣ እኔ—»

«ዝም በል! የገጹን ጥግ እጠፍልኝ። ማስረጃ ነው።»

በጭነት መኪና ሹፌር ወደ ጎሬ መልእክት ተላከ። በሳምንቱ የጦይባ ወንድም ሀያቱ በአቧራ ተሸፍኖ ደረሰ። ጦይባ ልብሷን በነጠላ ቋጥራ በሩ አጠገብ ቆማለች። ዕንባዋ አልቆባታል። ኦጆት ጨው ጆንያው ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል።

«እህቴ ምን አጠፋች?» አለ ሀያቱ።

«በአፌ አልናገርም፤ ያሳፍረኛል።» ሳኒ መጽሐፉን ከመደርደሪያው አወረደ። «አንተ ትምህርት ቤት የገባህ ሰው ነህ። ጥጉ የታጠፈውን ገጽ አንብብና እዚሁ ፍረድ። የእህትህን ጥፋት የሚያሳይ አንድ ቃል ካጣህበት እኔ እግሯ ላይ እወድቃለሁ።»

ሀያቱ መነጽሩን አደረገ። የታጠፈውን ገጽ አነበበ። ወደ ኋላ ገለጠ፤ ሽፋኑን አየ፤ ወደ መጨረሻው ገጽ ሄደ። ከዚያ ሳኒን ቀና ብሎ አየውና እንደገና ወደ ገጹ ተመለሰ።

«ሳኒ፣» አለ በመጨረሻ፣ «ይሄ እኮ ከዳር እስከ ዳር የጽሕፈት መኪና እንዴት ዘይት እንደሚቀባ ነው የሚያስተምረው።»