ተከትሎኝ መጣ

ዘርፈሽ የግቢውን በር ስትከፍት ቦራ ፈረሱ ከነገመዱ ቆሟል፤ ከአጠገቡም ባሏ ሃምሳ አለቃ መልአክ።

«ዛሬም?» አለች።

«ተከትሎኝ መጣ።»

ይህን ቃል በአንድ ሳምንት ውስጥ ስትሰማ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ቦራ በጅጅጋ አሥራ ሁለት ዓመት ጋሪያቸውን ጎትቶ፣ በመጨረሻ የኋላ እግሩ ከዳው። ባለ ጋሪ ሁሉ ያረጀ ፈረሱን ከከተማ አውጥቶ ለጅብ ይተወዋል፤ ከዚያ ወዲያ ስሙን አያነሣም። መልአክ ግን ወደ ካራማራ በወሰደው ቁጥር ይዞት ይመለሳል።

ቤቱን ያከራያቸው ፋራህ ከማዶ ሆኖ ሣቀ። «ሃምሳ አለቃ! ወላሂ፣ ጠላትህ ብሆን ኖሮ እኔንም ማርከህ ‹ተከትሎኝ መጣ› ትል ነበር።» ወዲያው ሣቁን ዋጠ። «ዘርፈሽ እህቴ፣ ቃሌ ቃል ነው። ነገ ጁምዓ ነው፤ ወይ ፈረሱ ይወጣል፣ ወይ እናንተ።»

ፋራህ ዘወር ሲል የዘርፈሽ ብሶት ገነፈለ። «አንተ ሰው፣ በስተርጅና ጎዳና ልታወጣኝ ነው? በጦርነቱ ጀግና ተብለህ ሜዳይ ተሸልመህ፣ አንዲት ገመድ ፈትቶ መመለስ ያቅትህ?»

«ሜዳዩን የሰጡኝ ቁስለኛውን ሻምበል ከተራራ ስላወረድሁ ነው» አለ መልአክ ድምፁን ሳያነሣ። «ተሸክሞ ያወረደው ግን ፈረሴ ዳማ ነበር። ወንዙ ዳር ሲወድቅ ነፍሱ ሳትወጣ ትቼው ሄድሁ። ስለ ሻምበሉ ሸለሙኝ፤ ስለ ዳማ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም።»

«እኔስ ምን ጠየቅሁህ? ቤት! የምገባበት ቤት ነው የጠየቅሁህ!»

መልአክ ቦራን ወደ ውስጥ ሳበው፤ ፈረሱ በሦስት እግሩ እየተራመደ አራተኛውን ጎተተ፤ ከደጃፉ እስከ ጋጣው ለመድረስ ሁለት ጊዜ ቆመ።

ዘርፈሽ በሩን በንዴት ልትዘጋ ስትል ዓይኗ መንገዱ ላይ ዐረፈ። የሰርክ ፀሐይ በአቧራው ላይ ተጋድማለች። የተጎተተው ሰኮና ረጅም መስመር ሠርቷል። ከመስመሩ ፊት ፊት የባሏ ጫማ ዱካ አለ፤ ጣቱ ወደ ካራማራ፣ ተረከዙ ወደ ቤት። እስከ መታጠፊያው ድረስ ተረከዙ መሬቱን ቆፍሮታል። ፊቱን ለፈረሱ ሰጥቶ፣ በሁለት እጁ እየሳበ፣ ያን ሁሉ መንገድ የኋሊት መጥቷል።

በሩን ሳትዘጋው ተመለሰች።

«አንተ ሰው!» ጮኸች። «ያን ገመድ ፈትተህ ወዲህ በል እንጂ! ነገ ስንወጣ ፍራሹን በምን ላስረው ነው?»