እንዴት ነዎት?

ልጅቷ የእናቷን የሹራብ እጅጌ ሰብሰብ ስታደርገው ደሟ ፈላ። ቀዩ የካንሰር መድኃኒት የሚገባበት የእጅ ጀርባ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል፤ በመርፌው ዙሪያ ያለው ቆዳ ተወጥሮ ያብለጨልጫል። "ሲስተር! ኧረ ሲስተር!" ብላ ክፍሉን አናጋችው። ነርሷ እየሮጠች መጥታ መድኃኒቱን ዘጋች፤ መርፌውን ሳትነቅል የፈሰሰውን በሲሪንጅ መልሳ ለመሳብ ጎንበስ አለች።

"እማዬ፣ ምን ነካሽ? ከደም ሥር ከወጣ ሥጋ ይበላል፣ ትንሽ እንኳ ካቃጠለሽ ተናገሪ አልተባልሽም? አሁን ሲስተሯ ስትጠይቅሽ እንኳ 'ተመስገን' አልሻት! በቁሜ ልትገድይኝ ነው?"

እናትየው እንባዋን በደህናው እጇ ጠርጋ ቱግ አለች። "ምን ትጮሂብኛለሽ! 'እንዴት ነዎት፣ እማማ?' አለችኝ። ሰው እንዴት ነዎት ሲል 'ተመስገን' ነው እንጂ 'እጄ ነደደ' ይባላል? ያቃጥላል ወይ ብላ መች ጠየቀችኝ?"

ልጅቷ ንዴቷን የምታራግፍበት ስታጣ ዓይኗ አጠገባቸው ወንበር ላይ ከተቀመጡት ሽማግሌ ላይ አረፈ። ብርድ ልብስ በለበሰው ክንዳቸውም ያው ቀይ መድኃኒት እየገባ ነው፤ ነርሷ ቅድም "እንዴት ነዎት?" ስትላቸው እሳቸውም "ተመስገን" ብለው ሸኝተዋታል።

"አባባ፣ ያቃጥላል?" አለች፣ እንደ መቆጣት ብላ።

ሽማግሌው ያጠፉ ይመስል አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ከክንዳቸው ላይ ቀስ አድርገው ገለጡት።