የአድማሴ ጣራ

አድማሴ የዛገ ጣራ ሲያይ ይጸየፋል። የእንጅባራ ዝናብ ቆርቆሮ ይበላል ሲሉት፣ «ዝገት በራሱ አይመጣም፤ ሰነፍ ነው የሚጠራው» ይላል። ጎረቤቱ እትዬ እመቤት የጣራቸውን ዝገት ሳያስፍቁ ቀለም ስላስቀቡ የሰፈር መሳቂያ አድርጓቸዋል።

መስከረም ላይ የራሱን ጣራ ሊቀባ ቢወጣ የባዶ እግር ቅርጽ ያለው ዝገት አገኘ። «የእርስዎ ቀቢ ረግጦብኝ ነው!» ብሎ እትዬ እመቤት ላይ ጮኸባቸውና ዝገቱን ፍቆ ቀባው። በማግስቱ ዱካው አንድ እርምጃ ወደ ጣራው ክፈፍ ቀርቦ ጠበቀው። ደግሞ ፋቀው።

በሦስተኛው ቀን ጣራው ከዝገት ጠራ። ከውስጥ ቢያዩት አንዲት የብርሃን ቀዳዳ እንኳ እንደሌለው ሊያሳያቸው፣ እትዬ እመቤትን እየተኩራራ ቤቱ አስገባቸው። እሳቸው ግን ቀና አላሉም። በጭቃ ግድግዳው ላይ፣ የዛገው ዱካ ከክፈፉ ስር እስከ አልጋው ራስጌ ወርዷል።

«አድማሴ፣ ጭቃ አይዝግም» አሉት። «ይኼንንስ ማን ጠራው?»