የእናትየው ቀለም

ልጅቷ ከመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ፋውንዴሽን ከሚባለው የፊት ቀለም ሌላ አንሥታ እናቷ ጉንጭ ላይ ጠብ አደረገች። በጣቷ አሸት አሸት አድርጋም ክንዷን ይዛ ወደ በሩ ጎተተቻት። ውስጥ በአምፖሉ ብርሃን ልክክ ያለው ቀለም ፀሐይ ሲያገኘው አመድ መሰለ። “ይሄም አልሆነም! ቆይ እማዬ፣ ጠቆር ያለ ላምጣልሽ፤” ብላ ተመልሳ ሮጠች። በማግስቱ የወንድሟ ሠርግ ነበር። እናትየው ግን ለሕመሟ የምትወስደው መድኃኒት ብዛት ፊቷን ስላጠቆረው፣ “ፎቶ የሚባል ነገር አልነሣም፤” ብላ ድርቅ ብላ ነበር።

“የበሩን ደፍ ጨረሳችሁት እኮ! ኧረ እማማ እንኳ ትንሽ ይረፉ፤” አለች ሻጯ።

ልጅቷ ማን ሊይዛት! እግሯ እስኪቀጥን ተመላልሳ፣ በመጨረሻ ፀሐይ ላይም የማይከዳ ጠቆር ያለ ቀለም አገኘች። “ተመስገን! ቁርጥ አንቺን!” ብላ ትንሿን መስታወት አቀበለቻት።

እናትየው ፊቷን አየት አደረገችና ቀለሙን በመሃረቧ ጠረገችው። “በሽታዬን ነው እንጂ እኔን አይመስልም፤” አለች። ከዚያ የልጇን እጅ ስባ፣ ጀርባውን ጉንጯ ላይ ለጥፋ ያዘችው።

“የድሮው የኔ መልክ ያለው እዚህ ነው። ቀለሙን በራስሽ እጅ ላይ ሞክሪልኝ፣ የኔ እናት።”