የኬታኪ የእግር ቃጭል

ሙምባይ ሄዳ በፊልም ዳንስ ስሟ የገነነው ኬታኪ፣ ሊፈርስ የተፈረደበትን የትውልድ ከተማዋን ቲያትር ቤት በዳንስ ትርዒቷ ገቢ ልታድን ተመልሳለች። ጢም ያለው አዳራሽ ስሟን ይጠራል። ዕድሜዋን ሙሉ እዚያው ለልጆች ዳንስ ስታስተምር የኖረችው ሻርቫሪ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ተንበርክካ የኬታኪን የእግር ቃጭል ታስር ነበር። «የሄደ ይነግሣል፣ የቀረ ያጎነብሳል» አለች በልቧ። ቅናቱ አንገበገባትና ቋጠሮውን ሆን ብላ አላላችው።

«ሻርቩ፣ ለምን ጥያችሁ እንደሄድኩ ታውቂያለሽ?» አለች ኬታኪ ቁልቁል እያየቻት።

«ለዝና ነዋ።»

«አይ እቴ። መምህራችን ጠዋት ማታ ‹እንደ ሻርቫሪ ርገጪ› ሲለኝ አንገሽግሾኝ ነው። በእግሮችሽ ስቀና ነው የኖርኩት።»

ከበሮው ተመታ። ኬታኪ ወደ መድረኩ ስትራመድ ሻርቫሪ ቁርጭምጭሚቷን ጨብጣ ያዘቻት።

«ቆይ» አለቻት፣ ቀና ብላ ሳታያት። «ላልቷል።»