የተረገጠች አይጥ ዜማ

ወንዴ ጎንደር ውስጥ ቀሐ ወንዝ አጠገብ በተከራያት ክፍል የድሮ ኮምፒውተር ዜማ ይሰበስባል። ኮምፒውተር ገና የሰው ድምፅ ማውጣት በማይችልበት ዘመን ጢጥ ጢጥ እያለ ይጫወታቸው የነበሩ ዜማዎች ናቸው። ከየመሥሪያ ቤቱ ከተጣሉ ማሽኖች ሆድ ያወጣቸዋል፤ በቴሌግራም ከሌሎች ሰብሳቢዎችም ይለምናል። የራሱን ግን ለማንም አይሰጥም። ያለው ሁሉ አንዲት ቀይ ፍላሽ ላይ ነው።

«ሁሉም ሰው ዘንድ ካለ ምኑን ብርቅ ሆነ?» ይላል።

ጓደኛው አንዳርጋቸው ፒያሳ ስልክና ሬዲዮ ይጠግናል። እሱም ሰብሳቢ ነው። «አንዷን እንኳ ቅዳልኝ» እያለ ሲለምን ዓመት አለፈው።

ጥቅምት ላይ የወንዴ አባት አያ አስማረ በፀሐይ የምትሞላ ሬዲዮ ሊያሠሩ ከአይከል ማዶ ካለው አገራቸው ጎንደር መጡ። ድሮም ንግግር አያበዙም። ያን ሰሞን ደግሞ ማሽላቸውን ሲጠብቁ፣ ዝንጀሮ ላይ ሲጮሁ ከርመው ጉሮሯቸው ተዘግቷል። አንዳርጋቸው ሬዲዮዋን ሠርቶ ወንዴ ክፍል ድረስ አመጣላቸው።

ወንዴ ለእንግዳ ክብር ሲል አዲስ ያገኛትን ዜማ ከፍ አድርጎ ለቀቀ። ደጃፉ ላይ የተኛው የአከራይዋ ውሻ ብድግ አለና አጥሩን ዘሎ ጠፋ።

አያ አስማረ ውሻው የዘለለበትን አጥር ቆየት ብለው ተመለከቱ።

«የተረገጠች አይጥ» አሉ በተዘጋ ድምፅ።

«ዜማ ነው፣ አባዬ።»

«ለዚህ ነው ያስተማርሁህ?»

አንዳርጋቸው ሳቀ። «አያ አስማረ፣ ስለምነው የከረምሁት እንዲህ ያለችውን እኮ ነው።»

«አንተም ታመሃል።»

አያ አስማረ ሌሊቱን እዚያው አድረው በማለዳ ወደ አገራቸው ተሳፈሩ። ከሰዓት በኋላ ወንዴ ፍላሹን ፈለገ። የለም።

ፍራሹን ገለበጠ፤ ጫማውን አራገፈ። ከዚያ በቀጥታ ፒያሳ ወጣ።

«ፍላሼን አምጣ» አለው ደንበኞቹ ፊት።

«የቱን ፍላሽ?»

«ስትለምነኝ የከረምኸውን።»

አንዳርጋቸው አልወሰድሁም አለ። ደንበኞቹ ግን ስልካቸውን እያነሱ ወጡ። ሌባ ለተባለ ጠጋኝ ስልኩን የሚያስረክብ የለም። ሳምንት ሳይሞላ የአንዳርጋቸው ጠረጴዛ ላይ የራሱ ስልክ ብቻ ቀረ።

ሱቁን ከመዝጋቱ በፊት ሽማግሌ ላከ፤ ወይ ስሜ ይጥራ፣ ወይ ይፈረድብኝ አለ። በወንዴ ወገን እንዲቀመጡ አባቱ ተጠሩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም በአከራይዋ ግቢ ተሰበሰቡ።

«ዝንጀሮው ዘንድሮ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁ የሽማግሌዎቹ አውራ አያ ወልደኢየሱስ።

«ሸጋ ነው» አሉ አያ አስማረ ጥርት ባለ ድምፅ። «ቶሎ እንጨርስ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ማሽላዬ ዘንድ ልድረስ።»

ወንዴ ክሱን አሰማ። የጠፋው ምን እንደሆነ ለማስረዳት በአፉ ጢጥ ጢጥ ሲል ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን በነጠላው ሸፈነ።

አያ ወልደኢየሱስ አሰብ አደረጉ። «ምስክር የለም። እንግዲያው ያን ቀን እዚያች ክፍል የገባ ሁሉ ታቦት ደጅ ሄዶ ይማል። አንድም ሳይቀር።»

አንዳርጋቸው ከመቀመጫው ተነሳ። «አሁኑኑ እምላለሁ።»

«ቁጭ በል» አሉት አያ አስማረ። «የሚምል የለም።»

«ምነው?» አሉ አያ ወልደኢየሱስ።

«ለአይጥ ጩኸት ታቦት አይጠራም። ነውር ነው።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እግዜርን የሚፈራ ሰው ንግግር ነው።

«ታዲያ ሌባው በምን ይታወቅ?»

«ይህ ልጅ አልወሰደም።» አያ አስማረ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተ ሰው ፊት አዋርደኸዋል። ነገ ሱቁ ደጃፍ ቆመህ፣ ሰው ፊት ይቅርታ ትጠይቀዋለህ።»

«አባዬ፣ ፍላሼስ?»

«ቅዳልኝ ሲልህ ቀድተህለት ቢሆን ዛሬ ከእሱ ታገኘው ነበር።»

ወንዴ አንገቱን ደፍቶ የአንዳርጋቸውን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ፤ አንዳርጋቸው ግን ቀና አድርጎ አቀፈው። ሽማግሌዎቹ መረቁ።

አንዳርጋቸው አያ አስማረን እስከ መናኸሪያ ሸኛቸው። ለገዛ ልጁ የማያዳላ አባት አይቼ አላውቅም እያለ መንገዱን ሁሉ አመሰገናቸው። እሳቸው ፀሐይዋን እያዩ እርምጃቸውን አፈጠኑ።

አመሻሹ ላይ አያ አስማረ ማሽላቸው መካከል ካለው ማማ ላይ ወጡ፤ ገደሉ አፋፍ የተሰለፉትን ዝንጀሮዎች አንድ ጊዜ አየት አድርገው ከእጀ ጠባባቸው ኪስ ቀይዋን ፍላሽ አወጡ፤ ሬዲዮዋ ጎን ላይ ሰኩና የተረገጠችውን አይጥ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርገው ለቀቋት።