ያላዩት ዝላይ

ኬታኪ ጀርባዋ ፍራሹን እንደነካ ዓይኗን ወደ ላይ ወረወረች። አግዳሚው ንቅንቅ አላለም። አንድ ሜትር ከሰማንያ! አግዳሚውን ሁለት ጊዜ ጥላ፣ በሦስተኛውና በመጨረሻው ሙከራዋ አለፈችው። ከክልሉ ሴት የከፍታ ዘላዮች ወደ ብሔራዊው የሥልጠና ካምፕ የምትገባው አንዲት ብቻ ናት፤ ያቺ አንዲት እሷ ሆነች።

እየጮኸች ተነስታ ወደ ዳኛው ዞረች። ወንበሩ ባዶ ነው።

ጠዋት ይደርሳሉ የተባሉት ሚኒስትር እኩለ ቀን ላይ፣ ልክ እሷ መንደርደር ስትጀምር፣ በበሩ ብቅ ብለው ኖሯል። ከበሮው ሲመታ ዳኛ ጋይክዋድ ዝላይ ሲሳካ የሚያነሳውን ነጭ ባንዲራ ብብቱ ሥር ሸጉጦ የአበባ ጉንጉን ሊያጠልቅላቸው በረረ። መዝጋቢውም ተከተለው።

"ማን አየ?" አለ ጋይክዋድ እያለከለከ ሲመለስ። "ባንዲራ ካልተነሳ ዝላይ የለም፣ ልጄ። ምን ቸገረሽ፣ ድገሚው። እንዲያውም ክቡርነታቸው ያዩሻል፤ ፎቶም ትነሺያለሽ።"

ፎቶ! ደሟ ፈላ። ቁርጭምጭሚቷ ካበጠ ሳምንቱ ነው፤ ዛሬ እግሯ ውስጥ የነበረችው የመጨረሻዋ ዝላይ ያቺው እንደነበረች እሷ ታውቃለች።

"አልደግምም! ለእንግዳ ጭፈራ ላሳይ ነው የመጣሁት? አግዳሚው ያውልዎት፣ ይለኩት!"

ስድስት ዓመት ያሠለጠናት ሳዋንት ጠጋ ብሎ ክንዷን ያዘ። "ኬታኪ፣ በሰው ፊት አታዋርጂኝ። ይቅርታ ጠይቂና ዝለይ።"

"ሰር፣ እርስዎም አላዩም?"

ሳዋንት መሬት መሬቱን አየ። አይቷል፤ ያውም አጥርቶ አይቷል። ከጋይክዋድ ይልቅ በእሱ አንጀቷ አረረ።

ክንዷን አስለቀቀችና ተመልሳ ፍራሹ መሀል እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠች። "ዳርና ነው፣ የመቀመጥ አድማ!" አለች፣ መድረኩ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። "ዝላዬ ሳይመዘገብ ከዚህ ንቅንቅ የለም!" የሸንኮራ ገበሬዎች ፋብሪካ በር ላይ ተቀምጠው ሲሟገቱ፣ በአባቷ ጉልበት ሥር ያደገች ልጅ ናት፤ መቀመጥን ማንም አያስተምራትም።

"ተነሺ! ፖሊስ ልጥራ?" ጮኸ ጋይክዋድ።

"ጥራ! ሲመጣ ለእሱም አበባ አጥልቅለት!"

ከተመልካቹ ሳቅ ፈነዳ። ጋይክዋድ ፊቱ ደም መሰለ። ዙሪያውን ሲቃኝ ሩቱጃን አያትና ተስፋው ተመለሰ። ሩቱጃ በዚሁ ከፍታ ሦስቴም ጥላ ቱታዋን ለብሳለች፤ የታችኛውን ግን ከኬታኪ ባነሰ ሙከራ ስላለፈች፣ ኬታኪ ካልተመዘገበላት ቦታው የእሷ ነው። ሁለቱ ልጆች ከተኳረፉ ደግሞ ሁለት ዓመታቸው።

"ሩቱጃ፣ እዚሁ አጠገቡ ነበርሽ። አግዳሚውን ነክታዋለች፣ አይደል? በይ ተናገሪ።"

ሩቱጃ ከተቀመጠችበት ተነስታ፣ ሳትቸኩል፣ ሜዳውን አቋርጣ መጣች። አለቀልኝ፣ አለች ኬታኪ በልቧ፤ ጥርሷን ነከሰች።

"ምን ትጎለቻለሽ? ንገሪው እንጂ!" አለቻት ኬታኪ።

ሩቱጃ ዳኛውን ዞራ እንኳ አላየችውም። ጫማዋን አውልቃ ፍራሹ ላይ ወጣችና በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

"ጠጋ በይ እንጂ፤ ፍራሹ የአባትሽ ነው?"